መጀመሪያ ድልድዩ

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ በኢንቦክስ ጥያቄ ላከችልኝ። አንድ ወረዳ ውስጥ በሴቶች ጉዳይ ላይ ትሠራለች። «ቲቸር፣ ሕዝብ ማደራጀት የሚባለው ነገር ከምንድን ነው የሚጀመረው? ሥልጠና ሰጠን፣ ባነር ሰቀልን፣ አበል ከፈልን፣ ሰዉም አጨብጭቦ ሄደ። በዓመቱ ስንመለስ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው» ትላለች። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ሌሎቻችሁም ብታነቡት ይሻላል ብዬ እዚህ አመጣሁት። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝና የማውቀው መልስ ታሪክ መንገር ነው። ሕዝብን ስለማደራጀት ሲነሳ ብዙዎቻችን የአሜሪካን ጥቁሮች ትግል ወይም የደቡብ አፍሪካን እንጠቅሳለን። ጥሩ ነው፣ ይጠቀስ። ነገር ግን እዚሁ ቤታችን፣ በእኛው ዕድሜ የተሠራ፣ ዓለም መጥቶ የተማረበት ሥራ አለ፤ የከምባታ ሴቶች ሥራ። እኛ ግን በክፍል ውስጥም ሆነ ከክፍል ውጭ ብዙም አናወራውም።

ከምባታን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ያለ፣ የእንሰት አገር ነው፤ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት፣ ዱራሜን ማዕከሉ ያደረገ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በዚያ አካባቢ ሴት ልጅ ሳትገረዝ ታገባለች ብሎ የሚያስብ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነበር። ግርዛቱ ልጅቱን «ለወግ ማዕረግ» የማብቂያ መንገድ ተደርጎ ነው የሚታየው። እናት ልጇን የምታስገርዘው ስለምትጠላት አልነበረም፤ ስለምትወዳት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቦጋለች ገብሬ፣ ብዙዎች «ቦጌ» የሚሏቸው፣ የተወለዱት እዚያው ከምባታ፣ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። እሳቸውም በልጅነታቸው ተገርዘዋል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትላክበት ዘመን ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ በድብቅ ፊደል እንደቆጠሩ ተናግረዋል። ከዚያ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ፣ ከዚያም አሜሪካ ለተጨማሪ ትምህርት። እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ በከምባትኛ «ከምባቲ መንቲ ጌዝማ ቶፔ» ነው፤ የከምባታ ሴቶች ጉልበታቸውን አስተባብረው በአንድነት የሚሠሩበት ማለት ነው። ባጭሩ ኬኤምጂ ይባላል።

እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ውጭ አገር ተምራችሁ መጥታችኋል። ግርዛት የሚያመጣውን ጉዳት በሳይንስም በገዛ አካላችሁም ታውቁታላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን ሰው ሰብስበን፣ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሰቅለን «ይህ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው፣ አቁሙ» እንላለን። ሰዉም አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። ተማሪዬ የገጠማት ይኸው ነው።

ቦጌ ግን ሕዝቡን ምን እንደሚቸግረው ጠየቁ። መልሱ ስለ ግርዛት አልነበረም። ስለ ወንዝ ነበር። ልጆች ተሻግረው ትምህርት ቤት መድረስ አልቻሉም፣ ነጋዴውም ገበያ መውጣት አልቻለም፤ ድልድይ ያስፈልገናል አሉ። እና ምን ተደረገ? ገንዘብ ተፈልጎ መጀመሪያ ድልድዩ ተሠራ።

ይህን ታሪክ ስነግር አንዳንድ ሰው «አሃ፣ ድልድዩ ማባበያ ነበር» ይለኛል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ማባበያ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ባለቀ ማግስት ነገሩ በታወቀ ነበር፤ የገጠር ሰው በማባበያ ላይ ያለውን ልምድ ማንም አያስተምረውም። ድልድዩ የሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ሴቶች ሲነገራቸው እንደሚሰሙ ታየ። ሰው የሚሰማው የሰማውን ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት የፈለግከውን ያህል ዲግሪ ብትደረድር ንግግርህ ዝናብ በድንጋይ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዉ ለብዙ ዘመን «የእግዜር ነገር ነው» ብሎ የተወው ችግር በሰው እጅ ሊፈታ እንደሚችል በዓይኑ አየ። ወንዙን መሻገር ከተቻለ ሌላውስ?

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ።

አንዲት እናት ልጇን ማስገረዝ እንደማትፈልግ እናስብ። የራሷን ሕመም አልረሳችውም። ጎረቤቷ በወሊድ ስትሰቃይ አይታለች። ልቧ አይፈልግም። ግን ብቻዋን ብታቆም ምን ይፈጠራል? ልጇ «ያልተገረዘች» ተብላ ትሰደባለች፣ ባል አታገኝም፣ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ይጠቋቆሙባታል። ጎረቤቲቱም ቤት ያው ሐሳብ ሊኖር ይችላል፤ ግን ሁለቱም ተፈራርተው ዝም ይላሉ። እንግዲህ አንድ መንደር ሙሉ ሰው በልቡ የማይፈልገውን ነገር እርስ በርሱ እየተፈራራ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ለዚህች እናት ስለ ጉዳቱ ሥልጠና ብትሰጣት ሐዘኗን ትጨምርላታለህ እንጂ መውጫ አትሰጣትም። እሷ ያጣችው እውቀት አይደለም፤ አብሯት የሚያቆም ሰው ነው።

ይህ የከምባታ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቻይናዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሴት ልጆቻቸውን እግር ከልጅነት ጀምረው በጨርቅ ጠፍንገው እያሰሩ ያሳንሱ ነበር፤ ትልቅ እግር ያላት ባል አታገኝም ተብሎ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ቤተሰቦች በማኅበር እየተደራጁ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ቃል መግባት ጀመሩ፤ የልጄን እግር አላስርም፣ ወንድ ልጄም እግሯ የታሰረ አያገባም። ሁለተኛዋ ቃል ናት ቁልፏ። እግሯ ላልታሰረች ልጅ ባል አዘጋጅታ ነው የምትጠብቃት። እንደዚያ ያለው ሥር የሰደደ ልማድ በብዙው የቻይና ክፍል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሰመ።

የሴኔጋሉም ይመሳሰላል፤ የሚገርመው ደግሞ ኬኤምጂ በተቋቋመበት በዚያው በ1997 ነው። ማሊኩንዳ ባምባራ የምትባል መንደር ሴቶች ቶስታን ከተባለ ድርጅት ጋር ሲማሩ ቆይተው ግርዛትን እንተዋለን ብለው በይፋ አወጁ። ከጎረቤት መንደሮች ቁጣ ወረደባቸው። ያኔ ዴምባ ዲያዋራ የተባሉ አንድ ኢማም አንድ ትልቅ ነገር ተናገሩ፤ እኛ የምንጋባው ከሌሎች መንደሮች ጋር ነው፣ ስለዚህ ዘመዶቻችንን ሳናማክር ብቻችንን ብንወስን ልጆቻችንን ነው የምንጎዳው አሉ። ከዚያም በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ ዘመድ ወዳጁን ማነጋገር ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሦስት መንደሮች በአንድ ላይ አወጁ። እኚህ ሰው የማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ ግን ያውቁ ነበር።

ከምባታ ውስጥ የተኬደበት መንገድ «የማኅበረሰብ ውይይት» ይባላል። ስሙ ዛሬ በየሪፖርቱ ስለሚጻፍ ተራ መስሏችሁ ይሆናል፤ አሠራሩን ግን ተመልከቱት። ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ይመረጣሉ፣ ግማሹ ሴት። ሽማግሌው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ወጣቱ፣ እናቲቱ፣ ገራዧም ጭምር። አወያዮቹ ከአካባቢው የሠለጠኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ይገናኛሉ፤ አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ሳይሆን ለወራት። አወያዩ ይጠይቃል እንጂ አያስተምርም። ውይይቱም በቀጥታ ግርዛት ላይ አይዘልም፤ ከኤችአይቪ፣ ከጠለፋ፣ ከሴት ልጅ ትምህርት፣ ከቤት ውስጥ ኑሮ እየተነሳ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እያንዳንዱ ተወያይ የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ቡናው፣ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ ትሉኝ ይሆናል። ሴት በወንድ ፊት ስለ ገላዋ በማትናገርበት ቦታ፣ አንዲት እናት ተነስታ በወሊድ ያየችውን እንድትናገር መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ተናግራ መደመጥ አለባት። ባሎችም እኮ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። የሚስታቸውን ሕመም አብረው ኖረው አልሰሙትም። «ሃይማኖታችን ያዛል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሃይማኖት አባቶቹ ራሳቸው እዚያው ክበብ ውስጥ ተቀምጠው በየትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ ሲጠየቁ፣ የሚጠቅሱት አጡ። ይህን ከውጭ የመጣ ሰው ቢናገረው ስድብ ይሆን ነበር። ከራሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ሰርጉ መጣ።

ድርጅቱ ከተቋቋመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት ያልተገረዘች ልጅ እና እጮኛዋ በአደባባይ ተጋቡ። ሙሽራዋ አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠለጠለች። ሙሽራውም ያልተገረዘች ልጅ በማግባቴ ደስ ብሎኛል የሚል። ሕዝብ ተሰብስቦ አየ። በመቶ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች እኛም አንገረዝም እያሉ አጀቧት።

እስከዚያ ቀን ድረስ «ያልተገረዘች ባል አታገኝም» የሚለው ነገር በቃል አልተሸነፈም ነበር። በቃልም አይሸነፍም። የተሸነፈው ባል ያገኘች ልጅ በግልጽ ስትታይ ነው። በየቤቱ በሹክሹክታ የነበረው ሐሳብ አደባባይ ወጣ፤ ያቺ ለብቻዋ ስትፈራ የነበረች እናት ዙሪያዋን ስታይ ብቻዋን አይደለችም። ከዚያ በኋላ ያልተገረዙ ልጃገረዶች በየአካባቢው መሰባሰብ ጀመሩ፤ በዱራሜም በየዓመቱ ሙሉ አካልንና ጤናን የሚያከብር በዓል መደረግ ጀመረ፣ ሕዝብ እየጎረፈ። ድሮ የሚጨፈረው ለመገረዝ ነበር። አሁን ላለመገረዝ ተጨፈረ።

ግን ስሜት ይበርዳል። በዓሉ ያልፋል፣ ድርጅቱም አንድ ቀን ይሄዳል። ውሳኔውን ማን ይጠብቀው? እዚህ ላይ ነው እድር የሚመጣው።

ስለ እድር ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን አንድ ጊዜ እንደ እንግዳ ሆናችሁ እዩት። የአባላት መዝገብ አለው። በየወሩ መዋጮ አለው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ጥሩንባ ነፊ አለው፤ በአንድ ሌሊት ሰፈሩን ሁሉ ያነቃል። ያልመጣ ይቀጣል። የሀብታሙም የድሃውም ሬሳ የሚወጣው በእሱ ነው። የትኛውም ፓርቲ፣ የትኛውም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ይህን ያህል የጠበቀ መዋቅር በየቀበሌው ሠርቶ አያውቅም፤ ሕዝቡ ግን ያለ ማንም አማካሪ ሠርቶታል። ከምባታ ውስጥ እድሮች የውይይቱን ውሳኔ የራሳቸው አድርገው ጣሹን መቅጣት ሲጀምሩ፣ ነገሩ ከኬኤምጂ እጅ ወጥቶ የአገሩ ወግ ሆነ።

ሳልሸሽግ የምነግራችሁ ነገር አለ። ይህ ጉልበት ሁለት ስለት ያለው ነው። ያቺን እናት ልጇን እንድታስገርዝ ያስገደዳት የጎረቤት ዓይን ነበር። እንዳታስገርዝ የያዛትም ያው የጎረቤት ዓይን ነው። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ፊቱን ነው ያዞረው። ስለዚህ ሕዝብ የሚያደራጅ ሰው ሁልጊዜ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ይህ ውሳኔ እውነት በውይይት የተደረሰበት ነው ወይስ እኔ በእድሩ በኩል ያስገደድኩት? ከምባታን ከሌላው የሚለየው፣ ቅጣቱ የመጣው ከወራት ንግግርና ከአደባባዩ ሰርግ በኋላ መሆኑ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ያው ግርዛት በሌሊት ይሠራ ነበር።

ሕጉስ? ሕግማ አለን። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ ከሦስት ወር የማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው። በ1992ቱ ጥናት 80 በመቶ ነበር። ተማሪዎቼ ቁጥር ስታዩ እንዳትቸኩሉ ብዬ አስተምሬያችኋለሁና፣ ይህ ቁጥር ሕጉ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የተገረዙትንም እንደሚጨምር አስተውሉ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ብቻ ሲታዩ 47 በመቶ ነው። ለውጥ አለ። ግን ወረቀት ላይ ካለው ሕግ ጋር ሲተያይ በጣም የዘገየ ነው።

በኬኤምጂ አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙ የንጉሥ ቦዱዋን ፋውንዴሽን ለቦጌ ሽልማቱን ሲሰጥ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ልጆች ይነካ የነበረው ግርዛት ከ3 በመቶ በታች መውረዱን ጠቅሷል። እዚህም ላይ ጥርጣሬያችሁን አትጣሉ፤ ድርጊቱ ወንጀልና ነውር ከሆነ በኋላ ሰው ለጠያቂ እውነቱን ላይናገር ይችላል። ግማሹን እንኳ ብንቀንስለት ግን በአሥር ዓመት አካባቢ የታየ እንዲህ ያለ ለውጥ በሌላ ቦታ ፈልጉልኝ። ሕጉ ጠቃሚ የሆነው ሕዝቡ ቀድሞ በወሰነበት ቦታ ነው። እዚያ ፖሊሱ የሚያስከብረው የጎረቤቶቹን ውሳኔ ነው። ሌላው ጋ ግን ፖሊሱም ልጁን ያስገረዘ አባት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣቶቹ ምናልባት የማታስታውሱት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ቆየ፤ በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካ። ብዙ ድርጅት ሥራውን ቀየረ፣ ብዙው ስለ ሴቶች መብት ማውራት አቆመ። ያ አዋጅ ግን በግልጽ የማይመለከታቸውን ሲዘረዝር እድርንና እቁብን ጠቅሷል። አስቡት። በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ የቆመ ሥራ በአንድ ፊርማ ሊቆም ይችላል። በጥሩንባ ነፊው፣ በወር መዋጮውና በሽማግሌው ቃል ላይ የቆመውን ግን ማን ይዘጋዋል?

እና ለጥያቄው መልሴ ይህ ነው። ሕዝብ ማደራጀት ከጆሮ ይጀመራል። መጀመሪያ ሂጂና ስሚ፤ የአንቺን ጉዳይ ሳይሆን የእነሱን። የነገሩሽን ቢያንስ አንዱን ከእነሱ ጋር ሆነሽ ፍቺ። ከዚያ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ የማን ቃል እንደሚከበር እወቂ። ሰዎቹ ብቻ ለብቻ የሚያስቡትን አብረው የሚናገሩበት ቦታ አዘጋጂ፣ ጊዜም ስጪው። የተወሰነው ነገር በአደባባይ ይታይ። ጠባቂው ደግሞ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት የነበረ፣ ከሄድሽ በኋላም የሚኖር ይሁን። አበሉና ባነሩ ከዚህ በኋላ ቢመጣም ባይመጣም ችግር የለም።

ከባዱ ነገር የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው። የመጣህበትን ትልቅ ጉዳይ ኪስህ ውስጥ ከትተህ ስለ ድልድይ ማውራት። የተማርን ሰዎች ያስቸግረናል። መልሱን ስለምናውቅ ጥያቄውን መስማት ይሰለቸናል። ሪፖርቱ ደግሞ በሩብ ዓመት ይፈለጋል፤ ጆሮ መስጠት በየትኛው ሣጥን ውስጥ ይሞላል? ልጆቼ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሆናችሁ አላችሁና ይህቺን ለእናንተ ነው የምላት። መስክ ለሚወጣው ባለሙያ ለመስማት ጊዜ ካልሰጣችሁት አጨብጭቦ የሚሄድ ሕዝብ ነው የሚያመጣላችሁ።

ቦጋለች ገብሬ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸው ሲጀመር ያልተወለዱ ብዙ የከምባታ ልጆች ዛሬ እናቶች ሆነዋል። ከእነሱ ውስጥ ስማቸውን የማያውቁ ይኖራሉ። ለእሳቸው ስም መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ለሥራው ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ለልጆቹ ነገሩ የአንድ ሰው ዘመቻ አይመስላቸውም፤ እንዲሁ የአገራቸው ደንብ ነው።

ከከምባታ፣ ከጠምባሮ፣ ከሐላባ የሆናችሁ ወዳጆች፣ በዓይናችሁ ያያችሁት ካለ ጻፉልን፤ ያጎደልኩትንም ሙሉበት። ሌሎቻችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቦታ ሰዉ ምን ይላል? ድልድይ ነው የሚፈልገው፣ ውኃ ነው፣ ወፍጮ ነው? እሱን ንገሩኝ፣ ከዚያ እናወራለን።